ጋሼ ውብሸትን የሰለልኩበት ጓሮ

ባለፈው ወር የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን የአትክልት ቦታ የሚያይ ካሜራ አስተከለ። ሁለት ጊዜ ጎመን ተቆርጦ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰዉ እርስ በርስ በጎን መተያየት ጀመረ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዷ ጎረቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ፣ «እኔስ የምጠረጥረው ዘበኛውን ነው» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ጠረጠረች። ስንለያይ እኔንም ትንሽ ሳይጠረጥሩኝ አልቀሩም፤ እዚያ ጓሮ ውስጥ ከማንም በላይ የምውለው እኔ ነኝና።

አልተቀየምኳቸውም። ካሜራ ባልነበረበት ዘመን የዚያ ጓሮ ካሜራ እኔ ነበርኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማትሪክ ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ከፈተናው በፊት፣ ካለፍኩ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እግዚአብሔር እንዳላየኝ ቆጠርኩት፤ እኔም ላለማየት ወሰንኩ። ቤተ ክርስቲያን መሄዴን ግን አልተውኩም፤ የእናቴን ፊት ስለምፈራ። ነጠላዬን አጣፍቼ እቆማለሁ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ውስጤ ግን ዝም ብሏል። አጠገቤ ቆመው የሚያለቅሱትን ሴቶች በጎን እያየሁ የእውነታቸውን ነው ወይስ ለሰው ብለው እያልኩ እመረምር ነበር። ቀድሞም ተጠራጣሪ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ዓመት ባሰብኝ።

ጋሼ ውብሸት ወደ ሐረር የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ከጎጃም ተመድበው የመጡ የእርሻ ትምህርት አስተማሪ ነበሩ፤ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው። ሚስት ይኑራቸው ልጅ ማንም አያውቅም፤ እሳቸውም አይናገሩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከመቃብሩ ማዶ፣ እሾህና የተሰባበረ ሸክላ የሞላበት ባዶ ቦታ ነበር። አስተዳዳሪውን አስፈቅደው እሱን መቆፈር ጀመሩ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ በቀጥታ ይመጣሉ፣ ኮታቸውን ግንብ ላይ ይሰቅላሉ፣ እስኪመሽ ይቆፍራሉ።

ሰዉ ማውራት የጀመረው በውሃው ነው። ያኔ የቧንቧ ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢመጣ ትልቅ ነገር ነበር። ሴቱ ሁሉ ጀሪካን ደርድሮ ሲጠብቅ እኚህ ሰው ከከተማው ዳር ካለው ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ ሥር፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክመው ይመጡና መሬት ላይ ያፈስሱታል። ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ውሃ መሆኑን የጠየቃቸው አልነበረም። ከውሃው ወደ ቁፋሮው ተሻገሩ። በጣሊያን ጊዜ ካህናቱ የብር መስቀልና ጽዋ እዚያ አካባቢ ቀብረዋል፣ ቦታውን የሚያውቁትም ሁሉ ሞተዋል የሚባል የቆየ ወሬ ነበር። አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ብቸኛ ሰው፣ ደመወዝ ሳይከፈለው በየቀኑ ምን ይቆፍራል?

ይህን ጥያቄ አብዝቶ የሚጠይቀው አጎቴ ተሰማ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ። ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ ናቸው፤ አጎቴ ደብሩን ከእነሱ በአደራ እንደተረከበው ያስባል። አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ እናቴ ገበያ መሄዷን ካረጋገጠ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስሚ ጽጌ፣ ሥራ የለሽም አይደል?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ሂጂና ላግዝዎት በያቸው። አረም ንቀይ፣ ውሃ አጠጪ። ዓይንሽን ግን ከእጃቸው አታንሺ። የት የት እንደሚቆፍሩ፣ ምን ያህል እንደሚጠልቁ እዪ። ደግሞ ከንፈራቸው ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚደግሙ አዳምጪ።»

«ዳዊት ይሆናላ» አልኩት።

«ዳዊትም ይደገማል፣ ሌላም ይደገማል» አለ አጎቴ።

በማግስቱ ሄድኩ። ጋሼ ውብሸት ቀና ብለው ሸራ ጫማዬን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ ተሰማ የእህት ልጅ ነኝ።»

የእጃቸውን አፈር አራገፉ። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው መኮትኮቻውን አቀበሉኝ።

አሥራ አንድ መደብ ነበር፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት። አጎንብሼ አረም እየነቀልኩ ጆሮዬን ወደ እሳቸው አደርጋለሁ። ከአንዱ መደብ ጫፍ ተነሥተው እየኮተኮቱ ሲሄዱ ያጉረመርማሉ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። አንዳንዴ መሐል ላይ ቀጥ ይሉና ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ፤ የተኮተኮተውን እንደገና ይኮተኩታሉ። ለመተት የሚደገም ነገር አንድ ቃል ከተሳሳተ እንደገና መጀመር አለበት ሲባል ሰምቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፣ ጠየቅኋቸው።

«መዝሙር ነው» አሉኝ፣ ትንሽ አፍረው። «መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ሐሳቤ ይበተንብኛል። እጄ ሲሠራ ግን ልቤ ይሰበሰባል። ለአንድ መደብ አንድ መዝሙር ሰጥቻለሁ። ስሳሳት እመለሳለሁ፤ መደቡም ሁለት ጊዜ ይኮተኮታል፣ አይጎዳም።»

ማታ ለአጎቴ ነገርኩት። «እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ ሌላ ምን ይበሉ» አለ።

እኔም ግማሽ በግማሽ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። ግን ኅዳር ወጥቶ ታኅሣሥ ሲገባ በእኔ ላይ አንድ ነገር መጣ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ለማጠጣት ስሄድ ኪዳን ይደርሳል፤ የካህናቱ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ ሐረር በታኅሣሥ ጠዋት ይበርዳልና ቅጠሎቹ ላይ ጤዛ አለ። ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ የማልሰማውን ጸሎት፣ ጭቃ በእጄ ይዤ ከውጭ እሰማው ጀመር። የካሮቱ ዘር ሲዘገይብኝ በጣቴ ቆፍሬ በቅሎ እንደሆነ አየሁ። ጋሼ ውብሸት ይህን ሲያዩ፣ «እሱ አሁን አይበቅልም፤ አየሽው ግን» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። አንድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ፀጉር የመሰሉ ቅጠሎች ብቅ ብለው ሳይ «ተመስገን» አልኩ። ማንም ሳያየኝ፣ ስለት ሳልሳል፣ ምንም ሳልጠይቅ ያልኩት የመጀመሪያው ተመስገን ይመስለኛል። ወዲያው ግን ጠረጠርኩት። ሰውየው አንድ ነገር አድርገውብኝ ይሆን? እኔ እኮ እንዲህ አልነበርኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ውብሸት ጎመንና ቆስጣ በጆንያ ይዘው ይወጣሉ። ሲመለሱ ጆንያው ባዶ አይደለም። ውስጡ ያለውን ሳያሳዩኝ መደብ ሥር በጥልቁ ቆፍረው ይቀብሩታል፣ አፈሩን በእግራቸው ይጠቀጥቃሉ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ «ለአፈሩ ምግብ ነው» ብቻ ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው።

ሸዋ በር ላይ ገበያው ደምቋል፤ ለውዝና ብርቱካን በየምንጣፉ ተከምሯል፣ የሚኒባስ ረዳቶች ድሬዳዋ፣ ድሬዳዋ እያሉ ይጣራሉ። ጃንጥላቸውን በዓይኔ ይዤ በበሩ ገባሁ። ግንብ በከበባት በአሮጌዋ ከተማ፣ በጁገል ውስጥ፣ መንገዱ እየጠበበ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ጠፉብኝ። በመጨረሻ አንድ ደጃፍ ላይ ነጭ ኮፍያ ካደረጉ ሽማግሌ ጋር ቆመው አየኋቸው። ጎመኑን ሰጡ፣ የታሰረ ጆንያ ተቀበሉ። ሽማግሌው ትከሻቸውን መታ አድርገው፣ «ኢንሻአላህ ቅዳሜ» ሲሉ ሰማሁ፤ ሁለቱም ሳቁ። ጆንያው ሲነሣ ተንኳኳ። የተቃጠለ ነገር ሽታ ነበረ። ቀርቤ ሰላም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ደጃፉ ምን እንደሚሸጥበትም አይ ነበር። እኔ ግን ዞሬ ሮጥኩ።

ለአጎቴ ያየሁትን ብቻ ብነግረው ኖሮ ጥፋቴ ትንሽ ነበር። ያሰብኩትንም ጨመርኩበት። «ጆንያው ውስጥ ብረት ብረት የሚል ነገር አለ» አልኩት። የሰማሁት እንደ ብረት አልነበረም። ግን አጎቴ አፍ አፌን እያየ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማንም ሰው ያን ያህል በትኩረት አዳምጦኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ አጎቴና ሁለት የጉባኤው አባላት ዘበኛውን ዶማ አስይዘው መጡ። ጎመኑ ጉልበት ደርሷል፣ ካሮቱ ሊነቀል የቀረው ሳምንት ቢሆን ነው። ጋሼ ውብሸት ሰው ጠርቷቸው ከትምህርት ቤት ደረሱ፤ ጠመኔው እጃቸው ላይ ነበር።

«ምን እንደምትፈልጉ አላውቅም» አሉ። «ግን እኔ በእጄ ላውጣው፣ ችግኙ መልሶ ይተከላል።»

«ጊዜ የለንም» አለ አጎቴ።

ዘበኛው መታ። በአራተኛው መደብ፣ የክንድ ያህል ሲወርድ፣ ጠቆር ያለ፣ የተቃጠለ አጥንት ወጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዱ የጉባኤ አባል አማተበ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

«የምን አጥንት ነው?» አለ አጎቴ።

ጋሼ ውብሸት አጥንት ተቃጥሎ ሲቀበር መሬቱን እንደሚያዳብር፣ ተማሪዎቻቸውንም ይህንኑ እንደሚያስተምሩ አስረዱ። አጎቴ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

«አልኩ እኮ፣ የምን እንስሳ አጥንት ነው?»

ሁላችንም አየናቸው። በግ ነው ቢሉ፣ በሬ ነው ቢሉ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የተቃጠለ አጥንት አይቶ የሚለይ አልነበረም። በጾም አጥንት ወደ ግቢ ማስገባታቸው ያስወቅሳቸው ይሆናል እንጂ በዚያው ያልፍ ነበር። ጋሼ ውብሸት ጠመኔውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የግመል ነው» አሉ። «ጁገል ውስጥ የግመል ሥጋ የሚሸጡ ወዳጅ አሉኝ። መሬት ይህን አይለይም ብዬ ነው። ግቢው የቤተ ክርስቲያን መሆኑን ግን ማሰብ ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ።»

እዚያ ቆሜ ነበር። እኚህ ሰው ሌባም ጠንቋይም እንዳልሆኑ ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው እንኳን የብር መስቀል ሊሰርቅ አንዲት ውሸት መናገር አልቻለም። አወቅሁ፣ ግን አልተናገርኩም። አጎቴ «ብረቱስ?» እያለ አሥራ አንዱንም መደብ ሲያስገለብጥ ዝም ብዬ አየሁ። የተገኘው አንድ የዛገ የበር ማጠፊያ ነው። ግቢው ጠበል ተረጨ፣ ጋሼ ውብሸትም ሁለተኛ እንዳይገቡ ተወሰነ።

ሁለት ሳምንት ያህል እህል አልበላ አለኝ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። አባ ኪሮስ ሸምግለው ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ሲያዳምጡ ፊታቸውን ወደ መሬት ያደርጋሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብረቱንም፣ ዝምታዬንም።

«ስግደት ባዝዝሽ ሰግደሽ ትገላገያለሽ» አሉኝ። «ያፈረስሽውን ትከዪ። ጉባኤውን እኔ አነጋግራለሁ። መጀመሪያ ግን ሄደሽ ለሰውየው ራስሽ ንገሪያቸው።»

ጋሼ ውብሸት ሐኪም ጋራ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ።

«ጋሼ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቁ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አጎትሽ አትክልት ወደው አልላኩሽም።»

«ታዲያ ለምን መኮትኮቻ ሰጡኝ?»

እስክሪብቶአቸውን ደብተሩ መሐል አስቀመጡ። «ሊሰልል የመጣም ሰው እጅ አለው። ደግሞ የምታይው ሁሉ እውነት ስለሆነ ምን ይጎዳኛል ብዬ ነበር።» እስክሪብቶአቸውን መልሰው አነሡና፣ «ብረት ነው ማለትሽን ግን አልጠበቅኩም» አሉ።

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። ደብተሩን ማረም ቀጠሉ፤ ሳበቃ፣ «በልግ ሊገባ ነው። ሸዋ በር ከሚሸጠው የጎመን ዘር ግዢ፤ አዲስ መሆኑን ጠይቂ» አሉኝ።

እንዲህ ሆነ። ጉባኤው እኔ እንድተክል ፈቀደልኝ፤ በእሳቸው ላይ የወሰነውን ግን አልሻረም። እሳቸው በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን በግንቡ ውጪ በኩል ይመጣሉ፤ ግንቡን ተሳልመው ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው በላይ በኩል ይመጣል።

«ዘሩ ስንት ጣት ወረደ?»

«ሁለት።»

«በዛ። ለካሮት ግማሽ ይበቃል።»

ፊታቸውን ሳላይ ነው የተማርኩት። ፍግ ከከተማው ውጪ ካለው ከድሬ ጠያራ በአህያ እንዲመጣ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ከባለአህያው ተቀብዬ ያዋሃድኩት እኔ። መዝሙሮቹን ለየመደቡ ደልድለው ሰጡኝ። ጮክ ብዬ እደግማለሁ፤ ስሳሳት ከግንቡ ማዶ ያለው ድምፅ ቃሉን ያቀብለኛል፤ እመለሳለሁ፣ መደቡም ሁለት ጊዜ ይኮተኮታል። ዝናቡ የመጣ ቀን ሁለታችንም በየአለንበት ቆመን አዳመጥነው። ያን በልግ ከእግዚአብሔር ጋር ታረቅሁ ብል ቃሉ ይበዛብኛል። መነጋገር ጀመርን ብል ይሻላል። ለቅጠል አንድም ነገር ቃል መግባት አይቻልም፤ ውሃ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። ከስለት ወደ መጠበቅ የተሻገርኩት እንደዚያ ነው።

ሰዉ ግን አልተወንም። ግንብ ለግንብ ምን ያወራሉ ተባለ። አንዳንዱ ፍቅር ነው አለ፣ ሌላው መስቀሉ ያለበትን ቦታ እየመሯት ነው አለ። እናቴ ሁለት ጊዜ ከኋላዬ መጥታ ስታዳምጥ ይዣታለሁ። የደረሰውን የመጀመሪያ ጎመን ጋሼ ውብሸት ጁገል ላሉት ወዳጃቸው ለአው ሙሳ እንዳደርስ አዘዙኝ። ሽማግሌው ጎመኑን ሳይቀበሉ ብዙ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ ያቺ ልጅ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ እኔ አንቺን አልልክም ነበር» አሉ። «እሱ ከላከሽ ግን እሺ።» ተቀበሉኝ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው። ይህንንም የነገሩኝ በግንቡ ላይ ነው። «ሰኞ እሄዳለሁ። ካሮቱን ከሁለት ሳምንት በፊት እንዳትነቅዪው» አሉ። የት እንደሚሄዱም ነገሩኝ። ወራት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ነገር ያኔ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ይቅር ብለውኛል?»

መልስ የለም። ትንሽ ጠበቅሁ፣ ደግሜ ጠየቅሁ። ድንጋይ ላይ ወጥቼ በግንቡ ላይ ሳይ ጃንጥላቸውን ይዘው ቁልቁለቱን እየወረዱ ነበር፤ ርቀዋል። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ስደርስ መኪናው ወጥቷል።

በዚያው ወር የደብራችን ንግሥ ከሰኔ ጾም ጋር ገጠመ፤ ለሕዝቡ የቀረበው ወጥ ከዚያ ጓሮ የወጣ ጎመንና ካሮት ነበር። አጎቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ታሞ በተኛበት፣ ማንም ሳያነሣበት፣ «እኚያ ሰውዬ ደህና ሰው ነበሩ መሰለኝ» አለኝ። ከአጎቴ አፍ ይህ ብዙ ነው።

በዓመቱ ማትሪክ አለፍኩ፤ አስተማሪ ሆንኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጋሼ ውብሸት በሕይወት ካሉ ወደ ዘጠና እየተጠጉ ነው። ሁለት ጊዜ በማውቀው አድራሻ ጽፌላቸው መልስ አልመጣም። ደብዳቤው አልደረሳቸው ይሆን፣ ደርሷቸው ትተውት ይሆን እያልኩ ብዙ ዓመት አወጣሁ አወረድኩ።

ጓሮው ጠባዬን ለወጠው ብል እዋሻለሁ። ዛሬም ሰው ያለ ምክንያት ሲስቅልኝ ለምን እላለሁ፤ ሻጩ ሲምል ሚዛኑን አያለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ማንም ያላረጋገጠልኝን ይቅርታ እንደተቀበልኩ አድርጌ ለመኖር ወሰንኩ፤ ጠዋት ስነሣም፣ ለጸሎት ስቆምም፣ ይቅር እንደተባለ ሰው ነው የምቆመው። በሌላው ነገር ሁሉ ማስረጃ እጠይቃለሁ። በዚህ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ እምነት አለኝ ስል የምለው ይህንን ነው።